ፍልፈል በደለኛ ነውን?

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ አንድ ስድብ አለ። አንድ ሰው ባልንጀራውን ከሥር ከሥሩ እየማሰ ከወንበሩ ያወረደው እንደ ሆነ፤ ወይም ቀን ከወዳጁ ጋር ሲስቅ ውሎ ማታ በአለቃው ጆሮ የዚያኑ የወዳጁን ስም ሲቦረቡር የተገኘ እንደ ሆነ፤ ነገሩን የሰሙት ሁሉ «እሱማ ፍልፈል ነው» ይሉታል። ስድቡ ላፍታ ሲያስቡት ልክ ይመስላል። ፍልፈል የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም፤ ጥፋቱም የሚታወቀው የማይመለስ ከሆነ በኋላ ነው። እኔም ይህን ስድብ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ራሴን በአዎንታ ነቅንቄአለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ራሴው ተናግሬዋለሁ። ይሁን እንጂ ከፍልፈል ጋር በአንድ ጓሮ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፤ ዕድሜዬ እየገፋ በሄደ መጠን አነጋገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እንዲህ ስንል የምንበድለው አለን? ካለስ የተበደለው ማን ነው?

ያደግሁት አገና ነው። ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፤ አገና በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር፤ በእዣ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከከተማይቱ ጥቂት እልፍ ሲሉ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ ጀፎረ ይገኛል፤ በጀፎረው ግራና ቀኝ ቤቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከቤቶቹም ጀርባ የእንሰቱ ጓሮ ጥላውን ጥሎ ቆሟል። በእኛ ቤት ጓሮውን የሚጠብቁት አያቴ ነበሩ። ወንዶቹ ልጆቻቸው እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርደው፤ እሳቸው ከእኛ ከልጅ ልጆቻቸው፤ ከጥቂት ከብቶችና ከእንሰቱ ጋር ቀርተው ነበር።

አንድ አንድ ቀን ጧት አያቴ በሩን ከፍተው ሲወጡ፤ ትናንት ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው እንሰት ቅጠሉ ዘንበል ብሎ ያገኙታል። በመዳፋቸው ገፋ ያደርጉታል። ያ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጥ ትልቅ ተክል እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ይወድቃል። ሥር የለውም። ከአፈሩ በታች የነበረው አምቾ ተበልቶ አልቆ፤ በነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይታያል። አያቴ አይጮኹም ነበር። ከወደቀው ተክል አጠገብ ቁጭ ብለው ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ኋላም ሊተርፍ የሚችለውን ለመለየት ቢላዋ ያዝዙናል።

እኛ ልጆች ግን ዝም ማለት አልሆነልንም። አይተነው የማናውቀውን ጠላት በሐሳባችን መሥራት ጀመርን። በዚያ ወራት አንድ አናጢ የጎረቤት ቤት በር ሲሠራ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ይዞ እንጨት ሲበሳ አይተን ተደንቀን ነበርና፤ የእኛም ፍልፈል በእጆቹ ላይ ዐሥር መሰርሰሪያ በቀለለት። ጥፍሮቹ እየተሽከረከሩ ድንጋይ ይበሳሉ፤ ሌሊት ከመደባችን ሥር እየመጣ ያዳምጠናል፤ የሚወደውን እንሰት ሳይሆን እኛ የምንወደውን እንሰት መርጦ ይጥላል። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲተርክ እግሬን ከመደቡ ጫፍ እሰበስብ ነበር። ልብ ይሏል፤ ጥፍሩን ብቻ አልነበረም የሠራንለት። ልቡናም ሠርተንለታል፤ በዚያ ልቡና ውስጥም ክፋት አስቀምጠንበታል።

በኋላ ፍልፈሉ ተያዘ። ወጥመድ ማጥመድ የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ነበረ፤ እሱም በአዲሱ የአፈር ቍልል አጠገብ መተላለፊያውን ፈልጎ ከፈተው፤ ጎንበስ ካደረገው እንጨት ላይ ገመድ አስሮ ሸምቀቆውን በቀዳዳው ውስጥ አኖረና «ቍጭ በሉ» አለን። ፍልፈል መተላለፊያው ተከፍቶ ብርሃንና ነፋስ የገባበት እንደ ሆነ ሳይዘጋው አያድርም። አፈር እየገፋ ይመጣል፤ ሲመጣም ይያዛል። ስለዚህ የሚያዘው ሊሰርቅ ሲወጣ ሳይሆን የገዛ ቤቱን በር ሊዘጋ ሲመጣ ነው። ይህ ነገር ያን ጊዜ አስቆኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አያስቀኝም።

እንጨቱ ተፈናጠረ፤ ፍልፈሉም ወጣ። ሁለት ጭብጥ የማይሞላ፤ ክብደቱ ሩብ ኪሎ ግድም የሆነ፤ ጠጕሩ ለስላሳ፤ ዐይኖቹ እንደ ጤፍ ያነሱ፤ ጅራቱ አጭር፤ ጆሮው ከጠጕሩ ሥር የተደበቀ ፍጥረት ነው። ሁላችንም በአንድነት እጆቹን ተመለከትን። መሰርሰሪያ የለም። ጥፍሮቹ እንደ ማንኛውም አይጥ ጥፍር ትንንሾች ናቸው። ትልቁ መሣሪያው በአፉ ውስጥ ነበረ፤ ይኸውም ወደ ውጭ የወጡ ብርቱካን መልክ ያላቸው አራት የፊት ጥርሶች ናቸው።

ካደግሁ በኋላ ስለዚህ እንስሳ የተጻፈውን ሳነብ፤ በልጅነቴ ያየሁት እውነት መሆኑን ተረዳሁ። እንስሳውን ለሳይንሱ ዓለም መጀመሪያ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን መጥቶ ያገኘውም በደንቢያ ነው። ፍልፈላችን የሚቈፍረው በጥርሱ ነው። ከንፈሮቹ ከፊት ጥርሶቹ በስተኋላ ስለሚገጥሙ፤ አፉ ተዘግቶ ሳለ ጥርሱ ውጭ ሆኖ ይሠራል፤ አፈርም ወደ ጕሮሮው አይገባም። የፈረፈረውን አፈር በእግሮቹ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ዞር ብሎም እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። በእጁ የሚቈፍረው የአውሮፓው ፍልፈል ነው፤ ያ ግን ዘሩ ሌላ፤ በአገራችንም የሌለ፤ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፤ ትልና ነፍሳት የሚበላ ነው። አሪስጣጣሊስ በቆዳ ሥር ስለ ተሸፈኑት ዐይኖቹ የጻፈለትም እሱው የዚያ አገር ፍጥረት ነው። የእኛው ሥርና አምቾ በላ ነው፤ ብቻውን ይኖራል፤ በአንድ ጉድጓድ ከአንድ በላይ ጐልማሳ አይገኝም፤ ጎተራውንም መኝታውንም ከመሬት በታች ያደርጋል።

ጎተራ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ቆጮውን የሚያብላሉት ከመሬት በታች ነበር። እንሰቱ ተፍቆ፤ ጭማቂው ወጥቶ ቡላው ከተለየ በኋላ፤ የቀረው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይከተታል፤ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ለወራት፤ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። ረኀብ ሲመጣ ጉድጓዱ ይከፈታል። ከዚያ ጉድጓድ ሁለት ክንድ ርቆ ደግሞ ፍልፈሉ ለክፉ ቀን ያከማቸው ሥር በሌላ ጉድጓድ ተቀምጧል። ያንኑ አምቾ ሁለት ባለቤቶች፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፤ ለልጆቻቸው ቀብረውታል።

ይህን ስል የአያቴን ጉዳት አቃልዬ እንደ ሆነ አንባቢ እንዳይመስለው። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው በእንሰት እንደሚኖር ይነገራል። እንሰት ደግሞ እንደ ገብስ በአንድ ክረምት ተዘርቶ በመኸር የሚታጨድ አይደለም። ችግኙ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተነቀለ ይተከላል፤ ፋንድያ ይቀርብለታል፤ እንደ ምድሩና እንደ ዓይነቱ አራት፤ አምስት፤ እስከ ሰባት ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ፍልፈል በአንድ ሌሊት የሚጥለው ተክል የአንድ ሌሊት ንብረት አይደለም። ተማሪ ቤት ከመግባቴ በፊት የተተከለውን እንሰት፤ ፊደል ቈጥሬ፤ ዳዊት ደግሜ ስመለስ ወድቆ አይቼዋለሁ። ያን ያየ ሰው የፍልፈልን ንጹሕነት በቀላሉ አይሰብክም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጉዳት እርግጠኛ ነው፤ ጐጂውም ታውቋል። በደል አለን?

በድሮ ዘመን ሰዎች ይህን ጥያቄ በቧልት አልያዙትም። በኦሪት ዘጸአት ሰው የወጋ በሬ በድንጋይ እንዲወገር፤ ሥጋውም እንዳይበላ ታዝዟል፤ ባለቤቱ ግን በሬው ተዋጊ መሆኑን አስቀድሞ ካላወቀ ንጹሕ ነው። በአውሮፓም ከዚህ የባሰ ነገር ተደርጓል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1519፤ በቲሮል ተራራ በምትገኝ ስቴልቪዮ በምትባል መንደር፤ ገበሬዎች መሬታችንን እየቦረቦሩ እህል አሳጡን ብለው የምድር አይጦችን በዳኛ ፊት ከሰሱ። ለአይጦቹ ጠበቃ ቆመላቸው። ምስክር ተሰማ። ዳኛውም አይጦቹ በ14 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ፈረደ፤ ነገር ግን እርጉዞችና ገና ያልጠነከሩ ግልገሎች ቢኖሩ ሌላ 14 ቀን እንዲጨመርላቸው፤ በመንገዳቸውም ከውሻና ከድመት እንዲጠበቁ አዘዘ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን በዚያ ዳኛ ላይ አንድ የማከብረው ነገር አገኘሁበት። በፍልፈል ላይ በደል አለ ካልህ ፍርድ ልትሰጠው ይገባል፤ ጠበቃ፤ ቀጠሮ፤ ምሕረትም ይገባዋል። የስቴልቪዮ ሰዎች ቃላቸውን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። እኛ ግን «ሌባ» ብለን እንሰድበዋለን፤ ስንገድለው ደግሞ «እንስሳ አይደለምን?» እንላለን። ሲከሰስ ሰው፤ ሲቀጣ እንስሳ ሆኖ እንዴት ይሆናል?

የዛሬው የአገራችን ሕግ ነገሩን በሌላ መንገድ ቆርጦታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሰው እንኳ አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካላደረገው በቀር ጥፋተኛ ተብሎ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ እንስሳ ስላደረሰው ጉዳት ሲናገር፤ ኀላፊነቱን የሚጭነው በእንስሳው ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው። የጎረቤት በሬ እንሰትህን ቢበላ ጎረቤትህን ትጠይቃለህ። ፍልፈል ግን ባለቤት የለውም። የአያቴ አቤቱታ የሚደርስበት አድራሻ አልነበረውም። አቤት የሚባልበት ደጅ የሌለው ጉዳት ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ ወደ ጥላቻ ይለወጣል፤ በእኔ አስተያየት የጥፍሩ ተረት የተወለደውም ከዚህ ነው።

ለዚህ አስተያየቴ ምስክር የሚሆነኝ ሌላው የእንሰት ጠላት ነው። እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከፍልፈል ይልቅ እጅግ የከፋ ነው፤ ፍልፈል አንድ አንድ ሲጥል በሽታው ጓሮውን በሙሉ ያጠፋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት የበሽታው ምክንያት በዐይን የማትታይ ባክቴሪያ መሆንዋን ገልጸው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያን የሚጠላት ሰው አይቼ አላውቅም። ባልንጀራውንም «አንተ አጠውልግ» ብሎ የሰደበ አልሰማሁም። ለምን ይሆን? ፊት ስለሌላት ነው። ፍልፈል ዐይን አለው፤ ቤት ይሠራል፤ ስንቅ ያስቀምጣል፤ በሩን ይዘጋል። እኛን ስለሚመስል እንደ እኛ ክፉ ሊሆን የሚችል ይመስለናል።

ስለ አጠውልግ ካነሣሁ ዘንድ የሚከብደውንም ልናገር። በሽታው ከተክል ወደ ተክል፤ ከጓሮ ወደ ጓሮ ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋናው የሰው እጅ ነው፤ የታመመውን እንሰት የቈረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ሲቈርጥ በሽታው አብሮ ይሄዳል። ቢላዋውን የያዘው ሰው ይህ ተነግሮታል። ደክሞት፤ ወይም ቸኵሎ፤ ወይም ጓሮው የሌላ ሰው ስለ ሆነ ይተወዋል። የጎረቤቱን የሰባት ዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ያጠፋው እሱ ነው፤ ማታ ግን ከጎረቤቱ ጋር ቡና እየጠጣ ስለ ፍልፈል ክፋት ይጫወታል።

ወደ ተያዘው ፍልፈል ልመለስ። ወንድሜና ጓደኞቹ ገመድ አምጥተው እግሩን አስረው በጀፎረው ላይ ሊጎትቱት፤ ጥርሱንም በድንጋይ ሊሰብሩ ተሰናዱ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነበርሁ። አያቴ ከቤት ወጡ። ጎረቤታችንን «ቶሎ በልና ጨርሰው» አሉት፤ እሱም በአንድ ምት ጨረሰው። ወንድሜ እያጕረመረመ «አያቴ፤ ስንት እንሰት የጣለ ሌባ እኮ ነው» ቢላቸው፤ «ተው አንተ ልጅ፤ እሱ ሥራውን ሠራ፤ እኔም ሥራዬን ሠራሁ፤ የምን ሌባ ነው» አሉት። ከዚያም የተከፈተውን ጉድጓድ በእግራቸው ደልድለው አዲስ ችግኝ አመጡ።

ይህን ቃል ብዙ ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። አያቴ መጽሐፍ አላነበቡም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1789 ባሳተመው ሥራው ስለ እንስሳት ሲጽፍ፤ ሊጠየቅ የሚገባው ማሰብ መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው ያለውን አልሰሙም። ነገር ግን ሁለት ነገር ለይተው ያውቁ ነበር። ፍልፈሉን ለመግደል ፍልፈሉ ጥፋተኛ መሆን አላስፈለጋቸውም፤ የልጆቻቸው ረኀብ በቃቸው። ለማሠቃየት ግን ጥፋተኛ የሚባል ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም በዚያ አልነበረም። እኛ ልጆች ሌባ ብለን የጠራነው ፍርድ ልንሰጠው አልነበረም። በደስታ ልናሠቃየው ፈልገን ለደስታችን ፈቃድ እየሠራንለት ነበር።

የፍልፈል ነገር ከጓሯችን ወጣ ሲል ምን ያህል እንደሚለወጥ ለማየት ወደ ባሌ መሄድ ይበቃል። በዚያ ከአራት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሳነቴ ሜዳ የእኛው ፍልፈል ታላቅ ዘመድ የሚሆነው ግዙፉ ፍልፈል ይኖራል፤ እስከ አንድ ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። አዋቂዎቹ ተቈጥረው 500 የማይሞሉት፤ በዓለም ሁሉ የታወቁት ቀይ ቀበሮዎቻችን በዚያ ሜዳ ዋና ምግባቸው እሱ ነው። የውጭ አገር ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ቀበሮዋን ሊያይ ይመጣል፤ ቀበሮዋም ሰዓት ሙሉ በአንድ የፍልፈል ቀዳዳ አፍ አድፍጣ ትጠብቃለች። በአገና የተረገመው ፍጥረት በሳነቴ ቢጠፋ ሊቃውንት ያለቅሱለታል። ጥርሱ ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው። የተለወጠው ከላይ የቆመው ነው፤ በዚህ እንሰት፤ በዚያ ቀበሮ። በእኛም ጓሮ ቢሆን መንገዱን ያለሰለስንለት እኛ ነን፤ አፈሩን በዶማ አላልተን፤ በፋንድያ አወፍረን፤ ጣፋጩን ሥር አንድ ቦታ ሰብስበን፤ ከዚያ «ለምን መጣህ?» እንለዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሣብኛል። «ፍልፈል በተፈጥሮው ስለሚሠራ አይወቀስም ካልህ፤ ሰውስ በተፈጥሮው የሚሠራ አይደለምን? ረኀብ፤ ፍርሀት፤ የልጅ ፍቅር ይገፋዋል፤ በመሥሪያ ቤት ባልንጀራውን የሚምሰውም እንጀራ ፍለጋ ነው» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልስ ልሰጥበት የምችለው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገዛ ሕይወቴ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፤ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፤ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ እየሄድሁ ምሳ በልቻለሁ፤ የልጁን ክርስትና አብሬ አክብሬአለሁ። ለአንድ ከፍ ያለ ቦታ ሁለታችንም ታጨን። አለቃችን አንድ ቀን ብቻዬን ጠርቶ ስለዚያ ሰው አሳቤን ጠየቀኝ። ውሸት አልተናገርሁም። «ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ታማኝ ነው፤ ብቻ…» ብዬ ዝም አልሁ። አለቃው «ብቻ ምን?» ሲለኝ፤ «አይ፤ ምንም አይደለም፤ ባልንጀራዬ ስለ ሆነ አልናገርም» አልሁት። ይኸው ነው። ከአንድ ወር በኋላ ቦታው የእኔ ሆነ፤ እሱም ወደ ሩቅ ጠረፍ ተዛወረ። ከጀርባው ምንም ነገር አልነበረም፤ «ብቻ» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣ አንዳች ነውር በዚያ ሰው ላይ አላውቅም። አለቃው ግን ባዶውን ቦታ በገዛ ሐሳቡ ሞላው፤ እኛ ልጆች በፍልፈሉ እጅ ላይ መሰርሰሪያ እንደ ሞላን።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለራሴ ምክንያት ደረደርሁ። ልጆች አሉኝ፤ ኑሮ ተወድዷል፤ እሱስ ዕድል ቢያገኝ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ደግሞስ ምን ተናገርሁ? ለተከራካሪዬ የምመልሰው ከዚህ ሌሊት ነው። ፍልፈል አምቾ ከበላ በኋላ ምክንያት አይፈልግም። በሆዱ ላይ ተኝቶ ይተኛል። ከላይ አንዲት አሮጊት እንዳለች፤ ተክሉን ከምን ያህል ዓመት በፊት እንደ ተከለች አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። እኔ ግን የዚያን ሰው ቤት አውቃለሁ፤ ሚስቱን በስምዋ እጠራታለሁ፤ ጠረፉም ምን ያህል እንደሚሩቅ በካርታ አይቼዋለሁ። እንቅልፍ ያሳጣኝ ያ ዕውቀት ነው። ተፈጥሮዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሠራው፤ ያን ሁሉ ምክንያት የሚደረድር ማን ነበረ? ለማንስ ይደረድር ነበር?

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ወሬው ሲሰማ፤ ከኋላዬ «ፍልፈል» እንዳሉኝ አንድ ወዳጄ ነገረኝ። ተቈጣሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን ከቍጣዬ በታች ዕፎይታ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ፍልፈል ከሆንሁ በጨለማ ነው የሠራሁት፤ ዐይኔ ጠባብ ነው፤ ጥርሴ የተሰጠኝ ነው። ስድቡ የመሸሸጊያ ጉድጓድ ሆነልኝ። ትክክለኛው ስሜ ከዚህ የከበደ ነበረ፤ እሱም ሰው የሚለው ነው፤ በብርሃን ቁጭ ብሎ፤ ሻይ እየጠጣ፤ የባልንጀራውን ሥር የቈረጠ ሰው። ፍልፈሉም ቢሆን በእኔ ስም መጠራቱ አይገባውም ነበር።

ለዚያ ሰው ደብዳቤ ልጽፍለት ብዙ ጊዜ ብዕር አነሣሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም በዚያው በተዛወረበት አገር መሞቱን ሰማሁ።

ባለፈው ጊዜ ለመስቀል ወደ አገና ሄጄ ነበር። የአያቴ ቤት በቆርቆሮ ተለውጧል፤ እሳቸውም ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ጓሮው ግን አለ። አንድ የዘመድ ልጅ፤ ዕድሜው ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ እየመራኝ በእንሰቱ መካከል ስንሄድ፤ አዲስ የአፈር ቍልል አሳየኝና ፍልፈሉ ጥፍሩ ምን ያህል እንደሚሆን በእጆቹ ለክቶ ነገረኝ፤ አንድ ክንድ ይሆናል። «ጥርስ ነው ልጄ» አልሁት። አላመነኝም። በበትሬ ጫፍ ቍልሉን ገለጥ አድርጌ መተላለፊያውን ከፈትሁትና ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን። ጥቂት ቈይቶ አፈሩ ከውስጥ ተንቀሳቀሰ። ርጥብ አፈር እየተገፋ መጣ፤ እንደ ገና ተገፋ፤ ቀዳዳውም ተዘጋ።

ልጁ ወጥመድ ሊያመጣ ሮጠ። እኔም አልከለከልሁትም።